ሽፋኑ ላይ የቆመችው

የጌማችን ሽፋን ላይ መውጣት ፈልጌ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ሌላ ሰው አጣፍጦ እንዳያወራው። ያንን ሽፋን ስንቴ እንደሰደብኩት፣ ስለሱ አለቃዬን ስንቴ አንገት እንዳስደፋሁት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ስድቤ እውነት ነበር። ፍላጎቴም እውነት ነበር። ሁለቱ በአንድ ሆድ እንዴት አብረው እንዳደሩ የሚገርመው ሰው ካለ፣ ያ ሰው ቆንጆ የአክስት ልጅ የለችውም ማለት ነው።

መሥሪያ ቤታችን ሦስት ክፍል ናት። ከታችን የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ እነሱ ታች ሴራሚክ ሲቆርጡ እኛ ላይ ጥርሳችን ይንቀጠቀጣል። የምንሠራው የድብድብ ጌም ነው። አለቃው አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የማይነጋገሩ ሁለት ፕሮግራመሮች አሉ፤ ሥዕሉንም ፎቶውንም የሚሠራ አንድ ሰዓሊ አለ፤ እኔ አለሁ። የኔ ሥራ መደባደብ ነው።

ቀልድ አይደለም። ነጫጭ ነጥብ የተለጠፈበት፣ ከገላ ጋር የሚጣበቅ ጥቁር ልብስ ለብሼ በካሜራዎቹ መሀል እቆማለሁ። ስመታ ካሜራዎቹ ነጥቦቹን ይከተላሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሰውም የኔን ምት ትመታለች። ነብሪት ትባላለች። ስትተነፍስ ትከሻዋ ከፍ የሚለው የኔ ትከሻ ከፍ ስላለ ነው። ከመምታቷ በፊት የግራ ተረከዟን መሬት ላይ ጫን የምታደርገው ያ የኔ አመል ስለሆነ ነው።

ማንም አላስተማረኝም። ቪዲዮ እያየሁ፣ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ አሮጌ ልብስ በጠቀጠቅኩበት ጆንያ ላይ ተማርኩ። ጆንያው የተንጠለጠለው ልብስ በምናሰጣበት ገመድ ላይ ነበርና ገመዱ በተበጠሰ ቁጥር እማዬ «ወንድ ብወልድ እንኳ እንዲህ አይፈጅም ነበር» እያለች መልሳ ታስረዋለች። ሥራ የገባሁትም በእግሬ ሳይሆን በምላሴ ነው። እነዚህ ሰዎች የጌማቸውን ናሙና ለቀው ሳየው አላስቻለኝም፤ ከሥሩ «ይቺ ልጅ የምትራገጠው ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ነው። ጉልበቷና ወገቧ ተዋውቀው አያውቁም» ብዬ ጻፍኩ። አለቃው «ከቻልሽ መጥተሽ አሳዪና» ብሎ መለሰ፤ ታፍራለች ብሎ ነው። ሄድኩ። አሳየሁ። የፕሮግራመሮቹን የቆሻሻ ቅርጫት ከግድግዳው ጋር አስተዋወቅኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ምላጭ ሆነ፤ ስለ እግሬ ይሁን ስለ አፌ አልጠየቅኩም።

ጌሙ ውስጥ ስምንት ተደባዳቢ አለ፤ ሰባቱ ወንድ። ለወንዶቹ ያልተፈቀደ ነገር የለም፤ አንዱ መላጣ ነው፣ አንዱ አፍንጫው የተሰበረ፣ አንዱ ቁርጥ የታችኛውን የሴራሚክ ሱቅ ባለቤት ነው፤ ቦርጩ ከነቀበቶው። ለነብሪት ግን ገና ፊት ሳይሣልላት አንዲት ጠባሳ ስጠይቅላት ሰዓሊው «ፊቷን ልናበላሽ?» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጌሙን እንዲሞክሩልን የሚጋበዙት ልጆችም ከሱ የሚሻሉ አይደሉም። ከጎናቸው ስቀመጥ «ወንድምሽ ነው ያስለመደሽ?» ይሉኛል። ሳሸንፋቸው ጆይስቲኩን ገልብጠው ማየት ይጀምራሉ። ሴት ባሸነፈች ቁጥር የሚበላሸው ጆይስቲክ ብዛቱ!

እንግዲህ ወደ አክስቴ ልጅ ልምጣ።

መቃ እንላታለን፤ ለአንገቷ ነው። አክስቴ ለሥራ ሩቅ ከሄደች ጀምሮ የምትኖረው ከኛ ጋር፣ የምትተኛው እኔ ክፍል ነው። ትልቁ ጎዳና ላይ መነጽር ቤት ትሠራለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ የአያት ሆድማ ወዲያ ነው፤ ከአንድ አያት ወርደን እሷ በለስላሳ ብዕር፣ እኔ በድንጋይ የተጻፍን እንመስላለን። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ መጀመሪያ እሷን ያያል፤ ከዚያ እኔን ያያል፤ ከዚያ እማዬ ደንገጥ ብላ «እሷ ቆንጆ ናት፤ ይቺ ደግሞ ጎበዝ ናት» ትላለች። ጉብዝና በኛ ቤት ለተራፊ የሚታደል ነው። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል፤ መቃ መጸለይ አላስፈለጋትም፤ ምቀኛዋ ከጎኗ አልጋ ነው የምታድረው።

አንድ ቀን የቤት ቁልፍ ረስቼ ወጣሁ። መቃ ከሥራዋ አስፈቅዳ ልታቀብለኝ መጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ «ይቅርታ፣ እህቴ እዚህ ናት መሰለኝ» ስትል አለቃው ከወንበሩ ተነሳ። ያ ወንበር ጎማ አለው፤ አለቃችን ከክፍል ክፍል የሚዞረው ተቀምጦበት እየተንሸራተተ ነው። ቁመቱን ያየሁት የዚያን ዕለት ነው።

በማግስቱ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ «ምላጭ፣ ለነብሪት ፊት አገኘንላት!» አለኝ።

«ጠፍቶባት ነበር?»

«የአክስትሽ ልጅ ናታ! እስቲ አነጋግሪልን።»

እስከዚያ ቀን የነብሪት ፊት ልሙጥ እንቁላል ነበር፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። እኔ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ፣ ቀኑ ሲደርስ ያ እንቁላል የኔን ፊት ይፈለፍላል ብዬ ተቀምጬ ነበር። ሌላ የማን ፊት ይሆናል? እጇ የኔ፣ እግሯ የኔ፣ ትንፋሿ የኔ። አላነጋግርም ማለት እችል ነበር። ኩራቴ ግን ቀደመኝ። «ችግር የለውም» አልኩ፤ ማታም ለመቃ «ፊትሽን ይፈልጉታል» ብዬ፣ ድስት አውሱኝ እንደሚል ሰው ነግሬያት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

ፊቷን ወሰዱት። ነብሪት ዓይን አወጣች፤ አንገትም አወጣች። አሁን ስደባደብ ስክሪኑ ላይ የምትደባደበው መቃ ሆነች። ላቤ በኔ ጀርባ ይወርዳል፤ ፕሮግራመሮቹ እሷን አይተው «አቤት ስታምር!» ይላሉ።

ቀጥሎ ሽፋኑ መጣ። ሽፋን ማለት ሰው ጌሙን ከመግዛቱ በፊት የሚያያት አንዲት ሥዕል ናት፤ ሱቅ መስኮት ላይ፣ ስልክ ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ። ሰዓሊው ንድፉን ስክሪን ላይ ዘርግቶ ጠራን። ወንዶቹ ከኋላ ተሰልፈዋል፤ ከአንገት እስከ ጥፍር ብረት ለብሰው። ነብሪት ከፊት ናት። ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ግን ከወገቧ ዞራ ደረቷንም ሰጥታናለች፤ ፊቷንም፤ መቀመጫዋንም። ሁሉም ባንዴ ይታያል። እንዲህ ሲጠመዘዝ የማውቀው የሚጨመቅ አንሶላ ብቻ ነው። የሷ ብረት ትከሻዋና ቅልጥሟ ላይ አልቋል፤ ሆዷ ራቁት ነው።

«ሰይፍ እምብርት አይወጋም ብሎ የነገረህ ማነው?» አልኩት ሰዓሊውን።

«ሥነ ውበት ነው፣ ምላጭ።»

«ለነዚያስ?» አልኩ ወደተሰለፉት እያሳየሁ። «ለባለቦርጩ ሥነ ውበት አላስፈለገውም?»

አለቃው በወንበሩ ተንሸራትቶ መሀላችን ገባ። «ስሚ፤ ጨዋታው ሌላ፣ ሽፋን ሌላ። ሽፋን ማለት መስኮት ነው። ገዢያችን ደግሞ ወንድ ነው።»

«እኔ እዚህ ሳልገባ በፊት ገዝቼ አይደል የምጫወተው?»

«አንቺማ...» ብሎ ፈገግ አለ። «አንቺ ከሴት ትቆጠሪያለሽ እንዴ? አንቺ እኮ የኛ ሰው ነሽ!»

እንደ ምስጋና ነው ያለው። ፕሮግራመሮቹ እንኳ፣ ተነጋግረው የማያውቁት፣ አብረው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ከሴት ስለማልቆጠር ሽፋን ላይ አልሆንም፤ ከወንድም ስለማልቆጠር ሽፋኑ ላይ ማን እንደሚሆን አልጠየቅም። የመጣልኝ መልስ ይሄ ነበር፤ የመጣልኝ ግን መንገድ ላይ ነው፤ ጥሩ መልስ ምንጊዜም የሚመጣው ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ቤት ገብቼ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። መታጠቢያ ቤቱን ቆልፌ መስታወቱ ፊት ጀርባዬን ሰጠሁ። ከወገቤ ዞርኩ። ደረቴን ፈለግኩት፤ አልመጣም። ተረከዜን አነሳሁ፤ ከንፈሬን ከፈትኩ፤ እንደገና ዞርኩ፤ ጎኔን ቁርጠት ይዞኝ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። መቃ በሩን ቆረቆረች። «አመመሽ እንዴ?»

«ሂጂ ወዲያ!»

ያንን አቋም ነው የሰደብኩት፤ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ ግን ምን ያህል ልጠማዘዝ ብዬ ነበር የምጠይቀው። ስድብ ሆኖ እንኳ ለኔ ቢደርሰኝ።

አለቃው ሽፋኑ ከፎቶ ተነስቶ እንዲሣል ወሰነ፤ መቃ ልብሱን ለብሳ ትቆማለች፣ ሰዓሊው ያነሳታል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባበታል። «ምላጭ፣ እስከ ሰኞ ትንሽ አቋም አሳዪያት፤ አንቺም ትገኛለሽ» አለኝ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ዓይነት ጥሪ ነበር።

ልብስ የሚሰጣበት ጣሪያ ላይ ይዣት ወጣሁ። ጫማዋን አወለቀች። አስቀያሚ እግር ይኖራታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ የላትም።

«እግርሽን ክፈች። እንደሱ አይደለም፤ አንዱ ወደፊት። ጉልበትሽ ይላላ። ክርንሽን ወደ ጎንሽ ሰብስቢ። እጅሽ ፊትሽ ጋ። አሁን ክብደትሽ የት ነው?»

«ኋለኛው እግሬ ላይ።»

«ወደፊት ላኪው። መልሺው።»

ላከችው። መለሰችው። ሰው ወራት የሚፈጅበትን ነገር ጨርቅ እንደማጠፍ አደረገችው። «በምን ዓይነት ቻልሽው?» አልኳት፤ ድምፄ እንደ ክስ ወጣ።

«ቀኑን ሙሉ እቆም የለ? መነጽር ቤት ወንበር ያለው ለደንበኛ ነው። ከእግር እግር እየቀያየርኩ ነው የምውለው።»

አወዳደቅ ላሳያት ፍራሽ አወጣሁ። አወዳደቅ የማያውቅ ተደባዳቢ አንድ ቀን ነው የሚደባደበው። «አገጭሽን ደረትሽ ላይ ለጥፊ። እጅሽን እንዳትዘረጊ፤ ይሰበራል። በትከሻሽ ተንከባለይ፤ ስትነሺ እጅሽ ፊትሽን ይጠብቅ።» ገፋኋት፤ ወደቀች፤ ተንከባለለች፤ ተነሳች። ደግሜ ገፋኋት። እኔ ያችን መንከባለል ስማር ትከሻዬ ለሦስት ሳምንት ማበጠሪያ አላነሳም። እሷ ከፍራሹ ላይ ጸጉሯን እያራገፈች ትስቃለች። እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው፣ ትላለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትውይው? ትላለች።

«ጥሩ ነኝ?» አለች ስንወርድ።

«ምንም አይልም።»

ሰኞ ትልቁን ክፍል ባዶ አድርገው ግራጫ ጨርቅ ከግድግዳ እስከ ወለል ዘረጉበት፤ መብራት ተከሉ። ሰዓሊው ብረት የሚመስል ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ በማሰሪያ አሰረባት፤ ትከሻ፣ ቅልጥም፣ ደረት። ሆዷ ላይ የሚታሰር ነገር አላመጣም። መቃ ጨርቁ መሀል ገባችና ያሳየኋትን ቆመች።

የራስን አቋም ከውጭ ማየት ክፉ ነገር ነው። እዚያ ጋ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ የላላው ጉልበት፣ የተሰበሰበው ክርን፣ መሬቱን ጫን ያለው የግራ ተረከዝ፤ አመሌን ሳልነግራት ወስዳዋለች። ከላይ ግን ያ አንገት አለ። ምን ልበላችሁ፤ ያምር ነበር። የኔ አቋም በኔ ላይ እንዲያ አምሮ አያውቅም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

«ጎሽ» አለ ሰዓሊው አንዴ አንስቶ። «ግን ትንሽ ደረቅ አለ። ወገብሽን እስቲ ሰበር። እ? ጀርባሽን ስጪኝ። አሁን ወደኔ ዙሪ፤ እግርሽን ሳታንቀሳቅሺ። ተረከዝሽን አንሺ። ከንፈርሽን ከፈት፤ እንደተገረመ ሰው። በጣም አይደለም!»

መቃ ዞረች። ዓይኗ እኔን ፈለገኝ። እዚያው እንደተደገፍኩ ነበርኩ። ለዚህች አቋም ስንት ቀን ምላሴን የሳልኩ ሴትዮ፣ አፌን ዘግቼ አየኋት። ተጣመመች። አንገቷ ተቆለመመ፤ ጉልበቶቿ ተጋጩ፤ ጎኗ ላይ ቆዳዋ ታጠፈ። እኔም መታጠቢያ ቤት እንዲያ ነበር የሆንኩት። ቅናቴ ተመቻችቶ ቁጭ አለ። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ። እሰይ።

ያን ጊዜ ነው አለቃው እጁን ያጨበጨበው። «ይኸውላችሁ! ነብሪት መጣች!»

ነብሪት?

ስድብ እችላለሁ። መረሳትም ለምጄዋለሁ። ያ ግን ነብሪት አልነበረም። ነብሪትን ከጆንያና ከገመድ የሠራኋት እኔ ነኝ፤ እዚያ የቆመችውን ሕፃን ልጅ ተንፍሶ ይጥላታል። ከግድግዳው ተላቅቄ ጨርቁ ላይ ገባሁ። «ነብሪት ይቺ ናት?» አልኩ። «እስቲ እዩአት እንግዲህ!» ሁለት ጣቴን ቀስሬ መቃን ትከሻዋ ላይ ገፋኋት። በሁለት ጣት። ጠንከር አድርጌ።

ወደቀች። የሚይዛት እግር አልነበራትም። ሰዓሊው ጣቱ ካሜራው ላይ ነበርና መብራቱ ይፈነጥቃል፣ ይፈነጥቃል። የፕላስቲክ ብረቱ ወለሉ ላይ ተንኳኳ። እሷ ግን አገጯን ደረቷ ላይ ለጠፈች፤ በትከሻዋ ተንከባለለች፤ ግራጫውን ጨርቅ ከግድግዳው ነቅላ ይዛው በአንድ ጉልበቷ ተነሳች፤ ክርኗ ተሰብስቧል፣ እጇ ፊቷ ጋ ነው፣ ጸጉሯ አፏ ውስጥ ገብቷል። ከእጇ በላይ የሚያየኝ ዓይን ሰምቼው የማላውቀውን ስድብ ሁሉ ይሰድበኛል።

ከታች ሴራሚክ መቁረጫው ጮኸ።

ዕቃ ወደምናጥብበት ጠባብ ክፍል ገባች፤ ተከተልኳት። ፕላስቲኩን ከትከሻዋ እየነቀለች ነበር።

«ገፋሽኝ።»

«ለነሱ ላሳያቸው ነው።»

«ውሸታም!» ማሰሪያው አልፈታ ሲላት በጥርሷ ያዘችው። «ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት እያየሁ ነው የምውለው እኮ። መነጽሩ ሳይስማማው ‹አማረብኝ?› የሚለኝን ሰው ፊት አውቃለሁ። ‹ምንም አይልም› ብሎ የሚሸነግለኝንም አውቃለሁ። እነሱ ሲያጣምሙኝ ደስ ብሎሽ ነበር። አዎ በይ።»

«አዎ።»

እንዲያ ቶሎ እላለሁ ብላ አልጠበቀችም መሰለኝ፤ ማሰሪያው ከጥርሷ ወደቀ።

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። ቁልፍ አመጣሽልኝ።»

«እሱ ነው ጥፋቴ?»

«አለቃው ተነሳልሽ። ለኔ ተነስቶ አያውቅም።»

«አንቺ የሄድሽበት ቦታ ሁሉ የምትሠሪው ነገር አለሽ» አለች። «እኔ ስመጣ ያዩኛል። አለቀ። ጣሪያው ላይ ስወድቅ ስነሳ እኮ... ተይው። እንለዋወጥ ብልሽ ትስማሚያለሽ?»

«አሁኑኑ።»

«ባይሆንልን ነው እንጂ» ብላ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ልስቅ ነበር። አልሳቅኩም፤ እሷም አልሳቀችም።

ስንመለስ ሁሉም በሰዓሊው ስክሪን ዙሪያ ተሰብስበዋል። ያነሳውን ሁሉ ሲያገላብጥ አንዷ ላይ ቆሟል፤ መቃ ልትነሳ ስትል ያለችው። ግማሽ ፊቷ በክንዷ ተሸፍኗል፤ ጉንጯ ላይ የወለሉ አቧራ አለ። ዓይኗ ግን ካሜራውን ሳይሆን ከጎን ያለውን ሰው ያያል። በቀኝ ጠርዝ በኩል ያ ሰው አለ፤ ማለት እጁ አለ፤ የተቀሰሩ ሁለት ጣቶች።

«ትይዛለች» አለ ሰዓሊው በቀስታ። «ሰው ሲያያት ይቆማል።»

«አዎ፣ ግን ታስፈራለች» አለ አለቃው።

«የድብድብ ጌም ነው!» አልኩ። «ልታስፈራ አይደል እንዴ? አበባ ልትሸጥ ነው?»

«ምላጭ፣ በናትሽ አንዴ ዝም በይ።»

መቃ ከኋላዬ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ መነጽር እንደምታሳይ ሁሉ በትህትና፣ «ይቺ ትሁን» አለች። «ካልሆነ ፊቴን አውጡልኝ።»

አለቃው ወደሷ ዞረ። «ማለት... እንየው ካልሽ እንየው እንጂ። ምን ይመስላችኋል?»

ይመስላቸዋል። ለካ ሁሉም ከመጀመሪያው እንዲያ ሲመስላቸው ኖሯል። አንደኛው ፕሮግራመር ሌላኛውን ቀና ብሎ አይቶ «እኔም ያ ጠማማው ደስ አላለኝም ነበር» አለ። ሰዓሊው «ሆዷስ? እንዳለ እንተወው?» ሲል መቃ «ይሸፈን፤ ይበርደኛል» አለችና ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሆዷ ተሸፈነ። ለነዚህ ለሁለት ነገሮች እኔ ጉሮሮዬን ቀድጃለሁ። የኔ እምቢታ የምላጭ ምላስ ነው፤ ይሳቅበታል፣ ይታለፋል። የሷን አንድ ጊዜ ሰምተው አደሩለት። ለምን እንደሰሟትም አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ሴት ልጅ ለዓይን ማረፊያ አትሁን የሚለውን ክርክር የረታነው ዓይናቸው እሷ ላይ ስላረፈ ነው።

«ይቺ እጅስ?» አለ ሰዓሊው ጠርዙን እያሳየ።

«ትጥፋ» አለ አለቃው። «ሰው የማን ናት ይላል።»

«የሷ ናት» አለች መቃ። «ትቆይ።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። ይኸው መጣልኝ፤ ሽፋኑ ላይ ነበርኩ። ሁለት ጣት ያህል። በመቃ ምልጃ፣ በመቃ ትከሻ አጠገብ፣ የመቃ ተረፍ። ያን ያህል ባልፈልጋት ኖሮ እንዳለች እተዋት ነበር፤ ትቆይ ብላቸው ማን ያውቃል፣ ሰውም ይቺ እጅ የማን ናት ብሎ ይጠይቅ ይሆናል።

«አጥፋት» አልኩ።

«አንቺ!» አለች መቃ።

«አጥፋት ብያለሁ። ሽፋን ላይ የምወጣ ከሆነ ከነራሴ ነው።»

ሰዓሊው ትከሻውን ነቅንቆ አጠፋት። አውራ ጣቴ ግራጫ ጨርቅ ሆነ፤ ከዚያ መዳፌ፤ ከዚያ የተቀሰሩት ሁለቱ። እስኪጨርስ ቆሜ አየሁ። አሁን መቃ የምታየው ባዶ ቦታ ነው፤ ሰው ሲያየው ጠላቷ ከሽፋኑ ውጭ ያለ ይመስለዋል። አልተሳሳተም።

ጌሙ ወጣ። ተወደደ ይላሉ፤ ሽፋኑ ይበልጥ ተወደደ። ከሥሩ የሚጻፈውን ሁሉ አነባለሁ፤ አላነብም ብዬ በማልኩ ማግስት አነባለሁ። «ይቺ ልጅ እውነት መደባደብ ትችላለች» ይላል አንዱ። «እንዲህ ለብሳማ ምኑን ሴት ሆነች» ይላል ሌላው። አንዱ ደግሞ «እንቅስቃሴውን የሠራው ሰውዬ ማነው? እጁ ይባረክ!» ብሎ ጠይቆ፣ አለቃዬ «የቡድናችን አባል ነው» ብሎ መልሶለታል።

መቃ ግን በአካል ይመጡባታል። ባለፈው ሳምንት አብረን ወደ ቤት ልንሄድ መነጽር ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ሁለት ወጣቶች ውስጥ ነበሩ። መነጽር ሊገዙ አልነበረም። አንደኛው ስልክ ደቅኗል፤ ሌላኛው ከመቃ ጎን ቆሞ፣ አንድ ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን ፊቱ ጋ አድርጎ የሽፋኑን አቋም ይዟል። መቃም ከነሥራ ጋወኗ ለፎቶው ይዛለታለች፤ እንከን የለሽ። የሱ ግን! ክርኑ እንደ ዶሮ ክንፍ ተዘርግቷል፤ ጎኑ ክፍት ነው፤ ጎረቤቴ ያለችው አሮጊት እንኳ አንድ ብትለው መሬት ነው።

ልጠብቃት አስቤ ነበር፤ ውጭ። አላስቻለኝም። በሩን ገፍቼ ገባሁና ክርኑን በእጄ ይዤ ወደ ጎኑ አስገባሁለት። «ሰብስበው። እንዲህ ከከፈትከው ለማን ልታቀምስ ነው?»

ልጁ ደነገጠ። «አንቺ ደሞ ማነሽ?»

«አቋሙ የሷ ነው» አለች መቃ ከኔ በፊት። «ነብሪት ስትደባደብ የምታዩአት እሷ ናት። እኔ የተማርኩት ከሷ ነው።»

አዩኝ። ከላይ እስከ ታች፤ ጫማዬን፣ ትከሻዬን፣ ፊቴን። ስልክ የያዘው ልጅ «እውነት?» አለ። ምን ልበለው እያልኩ ሳስብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ ሰዎቹ ሳይሄዱ ሊመጣልኝ ሲል፣ እሱ ስልኩን ከፍ አድርጎ «እሺ፣ ትንሽ ፈንጠር በይልን፣ ፎቶው ውስጥ ገባሽ» አለኝና ሁለቱም ወደ መቃ ዞሩ።

ፈንጠር አልኩ። መነጽር የተደረደረበት መስታወት አጠገብ ቆሜ ሲነሱ አየሁ። መቃ ስቃ ዓይኗን ወደኔ ጣል አደረገች፤ አንገቷ እንደዚያው ነው፤ ቅናቴም እንደዚያው ነው።

ልጁ ግን ክርኑን ሰብስቦ ነበር።